ከዱርቤቴ የመጣ መሸኛ

«አንቺን ደግሞ ማን ጠየቀሽ?» እንዳትሉኝ እንጂ፣ የባንቺአየሁንና የኪሩቤልን ነገር ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ፋብሪካችን ከተከፈተ ጀምሮ መዝገብ ቤት ተቀምጫለሁ። ወለተ ጊዮርጊስ እባላለሁ፤ ልጆቹ እትዬ ወለቴ ይሉኛል። በዚህ ልብስ ስፌት የሚቀጠር ሰው ሁሉ ማህደሩ በእጄ ያልፋል፤ አብዛኛው ደግሞ ከማህደሩ ጋር የሆዱንም ይዞልኝ ይመጣል። የዛሬው ነገር ግን በእኔም ጥፋት የተበላሸ ስለሆነ ሳላድበሰብስ ነው የምነግራችሁ።

ባንቺአየሁን መጀመሪያ ያየኋት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። የታሸገ ፖስታ በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ሰጠችኝ። «ከዱርቤቴ፣ ከቀበሌያችን ነው፤ መሸኛ» አለችኝ። ከገጠር ለሥራ የሚመጣ ሰው ማንነቱን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከቀበሌው ያመጣል፤ መሸኛ የምንለው እሱን ነው። ቀድጄ፣ ቁጥር ሰጥቼ፣ ማህደሯ ውስጥ አስገባሁት። አላነበብሁትም። ያን ሰሞን በቀን ሠላሳ አርባ ልጅ ይጎርፍ ነበር፤ ማን ቁጭ ብሎ ያነባል?

እነዚያ ልጆች መርፌ ይፈጁ ነበር። ጨርቁን ከስፌት መኪናው ኋላ ይጎትቱታል፤ መርፌው ቀጭ! ተቆጣጣሪው ይጮኻል፣ ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ በሳምንቱ ግማሾቹ አገራቸው ይገባሉ። ባንቺአየሁ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላት አዲሶቹን ሰብስባ፣ «እናታችሁ ስትፈትል አላያችሁም? ባዘቶውን በጣቷ ቀስ እያለች ለእንዝርቱ ትለቅለታለች እንጂ ትነጥቀዋለች? ለመኪናውም ልቀቁለት። እሱ ራሱ ይወስደዋል» አለቻቸው። በቃ! የምርት ኃላፊው በሦስት ወር ሥልጠና ያላስገባላቸውን በአንድ ጠዋት አስገባችላቸው።

ደግሞ ስፌት ብቻ መሰላችሁ? የሰዓት ካርድ እንዴት እንደሚመታ፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይፈሩ እንዴት «ወራጅ አለ» እንደሚባል፣ የትኛው አከራይ ሰው እንደሆነና የትኛው ጅብ እንደሆነ፣ ሲታመሙ የት እንደሚሄዱ፣ ሁሉን የምታስተምር እሷ ናት። ራሷ ቀበሌ አስራ አራት አንዲት ክፍል ውስጥ ለአራት ነው የምትኖረው። ከመሸንቲም ትምጣ ከአንበሳሜ፣ አዲስ ልጅ ሁሉ በሩ ላይ «ባንቺ የት ናት?» ብላ ነው የምትገባ። እኔ ስንት ዲግሪ የያዘ ሰው አይቻለሁ፤ እንደዚች ልጅ ሰውን ሰው የሚያደርግ ግን አላየሁም።

ኪሩቤል ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የሚቀመጥ የሰው ሀብት ባለሙያ ነው። አባቱ ከደብረ ብርሃን፣ እናቱ ከደሴ በመንግሥት ሥራ የመጡ፣ ሽምብጥ ሰፈር ግቢ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ልጁ እዚሁ ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ፣ የተማረ፣ ዓይነ አፋር። አንድ ጉድለት አለበት፤ ከሰው ይልቅ ወረቀት ያምናል። ባንቺአየሁ ዘንድ የሄደውም የማስተማር ዘዴዋን «ለሪፖርት» ሊጽፍ ነበር። በሻይ ሰዓት ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ፤ እሱ ጠየቀ፣ እሷ መለሰች። ሪፖርቱ ስምንት ወር ፈጀ! ምን ዓይነት ሪፖርት እንደሆነ እኛም ገባን፣ ዋርካውም ገባው። ሲመጣ እያየች ነጠላዋን የምታስተካክለውን ነገር ያየ ሰው፣ እድሜውን ረስቶ ልቡ ይሞቃል።

ከዚያ መጋቢት ላይ፣ አንድ እሑድ እናቱ ቤት ወሰዳት። እናቱ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ክፉ አይደሉም፤ ግን ጀርባቸው የማይታጠፍ ኩሩ ሴት ናቸው። «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» አሏት። «ገበሬ ነበሩ፤ አርፈዋል» አለች። ከምሳ በኋላ እንዳገሯ ወግ ተነስታ ሳህን ስታነሳ፣ «ተይው ልጄ፣ ሳህን የምታነሳ ልጅ አለችን» አሏት። ይኸው ነው የሆነው። ባንቺአየሁ ግን ያን ሳህን እስከ ቤቷ ድረስ በልቧ ተሸክማው ሄደች።

ማክሰኞ ሌላ ነገር መጣ። ባንቺአየሁ በቋሚነት የአዲስ ሠራተኞች አሠልጣኝ እንድትሆን ተወስኖ፣ ኪሩቤል የሕይወት ታሪክ ቅጿን ሊሞላ ማህደሯን ከእኔ ወሰደ። ጥቂት ቆይቶ ቀና ስል ፊቱ አመድ መስሏል። ማህደሩን ገልብጦ አሳየኝ። የዱርቤቴው መሸኛ ነው። «የጋብቻ ሁኔታ፦ ባለትዳር» ይላል።

«ምናልባት ተሳስተው...» አልሁ።

«ማኅተም አለው፣ እትዬ። ፊርማ አለው። ስምንት ወር ሙሉ ከሰው ሚስት ጋር ነው የተቀመጥኩት?» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ።

እዚህ ላይ «ሂድና ጠይቃት» ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ብቻ! እኔ ግን ማኅተሙን አየሁና አመንሁ። እንዲያውም ተናደድሁ፤ ያቺን የመሰለች ልጅ ሸነገለችን አልሁ። «ተዋት፤ ዝም አይነቅዝም» አልሁት። ማን ነው ዝም አይነቅዝም ያለው? ነቅዞ ዱቄት ሲሆን በዓይኔ አየሁት እኮ!

ረቡዕ በሻይ ሰዓት ዋርካው ሥር እሷ ብቻ ተቀመጠች። ሐሙስ መዝገብ ቤት መጣች። እጇ ላይ በአራት የታጠፈ ወረቀት አለ።

«እትዬ፣ ይኸን ያነቡልኛል?» አለችኝ። «አንብቤዋለሁ። ግን ምናልባት የከተማ አነጋገር ኖሮበት ያልገባኝ ነገር ካለ ብዬ ነው።»

የኪሩቤል ጽሕፈት ነው። «ባንቺአየሁ፣ ከእንግዲህ አብረን አንቀመጥ። ጥፋቱ ካንቺ ይልቅ የኔ ነው። ምክንያቱን አትጠይቂኝ፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ክብርሽን የምፈልግ ወንድምሽ፣ ኪሩቤል» ይላል።

ልጅቷ አሳዘነችኝ። ግን ያ መሸኛ ዓይኔ ላይ ድቅን አለና ጨከንሁ። «የከተማ አነጋገር የለበትም። ነገሩን አንቺ ታውቂዋለሽ» አልኋት።

ዓይኗ ሲሞላ አየሁ፤ አላፈሰሰችውም። «አውቀዋለሁ» አለች። «ሳህን በማንሳቴ ነው። የገበሬ ልጅነቴ እዚያ ቤት ስገባ ታየ። ታዲያ ወንድምሽ ለምን ይላል? ወንድም እንዲህ አያደርግም» ብላ ወረቀቱን እንደገና በአራት አጥፋ ወጣች። ያን ቀን ምሳ መብላት አልቻልሁም።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። እሱ ዋርካውን ላለማየት መጋረጃ ዘጋ። እሷ አንገቷን ደፍታ ሠራች፤ አንድ መርፌ እንኳ አልሰበረችም። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ የሥራ መልቀቂያ ጽፋ አመጣችልኝ። «ልብሴን ሰብስቤያለሁ፤ ሳምንቱን ጨርሼ አገሬ እገባለሁ» አለች። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ እኔም የመዝገብ ቁጥሩን አላዋስኋትም። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ እኛ ቤት እንዳልተጻፈ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጥበቃው አንዲት ሴትዮ አስከትሎ ገባ። አጠር ያሉ፣ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰው መቀነታቸውን ያጠበቁ፣ ጃንጥላ በብብታቸው የያዙ እናት ናቸው። ገና ሳይቀመጡ፣

«የልጄ ደብዳቤ ያለበት ቤት ይኸ ነው?» አሉ።

«የማን ልጅ ነዎት... ማለቴ ልጅዎ ማን ናት?»

«ባንቺአየሁ! እናኑ እባላለሁ፣ እናቷ ነኝ። ሥራ ለቅቄ መጣሁ ብላ በስልክ ነገረችኝ። ለምን አስወጣችኋት? ደብዳቤው ምን ጎደለው? ገብረ ሕይወት አሳምሬ ጽፌዋለሁ ብሎኝ ነበር። ባለትዳር ናት ተብሎ አልተጻፈም?»

ኪሩቤል ከጠረጴዛው ቀና አለ።

«ተጽፏል» አልሁ። «ባሏ... ዱርቤቴ ናቸው?»

«የምን ባል?»

«የባንቺአየሁ ባል።»

ሴትዮዋ እንደ እብድ አዩኝ። «ባል ከየት አባቷ ታመጣለች? ስንቱ ሽማግሌ ሲመጣ ትምህርቴን፣ ሥራዬን እያለች አይደል እንዴ ያሳፈረችኝ!»

«ታዲያ ደብዳቤው...»

«እኔ ነኛ ያስጻፍሁት!» አሉ በኩራት፣ ደረታቸውን መታ አድርገው። «ገብረ ሕይወት የቀበሌያችን ጸሐፊ ነው፤ ያላገባች ብሎ ሊጽፍ ሲል እጁን ለቀም አደረግሁት። ‹አንተ! ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ያላገባች ብለህ ከተማ ልትሰዳት? ከበር ጀምሮ ቆሞ ቀር ናት ይሏታል፤ አለዚያም ባለቤት የላትም ብለው ይዳፈሯታል። ባለትዳር ናት በልልኝ› አልሁት። ‹ኧረ እትዬ እናኑ፣ ይኸ ያስጠይቀኛል› አለ። ‹አባቷን የቀበርህ አንተ፣ ለልጁ አንዲት ቃል ትነፍገኛለህ?› ብዬ አለቀስሁበት። ጻፈልኝ። እሷ አታውቅም፤ አሽገን ነው የሰጠናት። በየደረሰችበት እንደ ክታብ ይጠብቃታል ብዬ እኮ ነው!»

አበስሁ ገበርሁ! ክታቡስ ጠበቃት፤ ከማን እንደጠበቃት ግን ሴትዮዋ አያውቁም። ልስቅ ነው ላለቅስ ሳይለይልኝ ዞር ስል የኪሩቤል ወንበር ባዶ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ሁለታችንም ተከትለን ሮጥን። ስፌት አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ መኪና ይጮኻል። ባንቺአየሁ መሐል ላይ ቆማ ለአንዲት አዲስ ልጅ ኮሌታ ታሳያለች። ኪሩቤል ፊቷ ቆሞ ምን ቢል ጥሩ ነው? በዚያ ሁሉ ጩኸት ላይ፣ ባለ በሌለ ድምፁ፣

«ባንቺ! ባል የለሽም እኮ!»

የመጀመሪያው ረድፍ መኪናውን አቆመ። ሁለተኛው ረድፍ ምን ተባለ ብሎ አቆመ። ባንቺአየሁ ቀጥ ብላ አየችው። «ይኸን ልትነግረኝ ነው ሥራ አስፈትተህ የመጣህ?» አለች። ልጆቹ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ መሸኛውን፣ የተጻፈውን፣ እናቷ ያደረጉትን እየተንተባተበ ነገራት። እሷም መጀመሪያ እናቷን አየች፣ ከዚያ እሱን። ሳቁ ጠፋ።

«እንግዲያው ያን ደብዳቤ የጻፍህልኝ ለዚህ ነው?»

«አዎ። ባለትዳር መሰልሽኝ። ኃጢአት ፈራሁ፣ ስምሽንም...»

«ስምንት ወር አጠገብህ ተቀመጥሁ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ግን አዳራሹ ሙሉ ሰማት። «የአባቴን ሞት ለአንተ እንደነገርሁህ ለማንም ነግሬው አላውቅም። ባል ያላት ሴት እንደዚያ ዓይንህን እያየች ትቀመጣለች ብለህ አሰብህ?»

«ማኅተም ነበረው፣ ባንቺ...»

«ማኅተሙ የቀበሌ ነው። እኔ ግን ከአንተ ሃምሳ እርምጃ ነበርሁ፤ እዚሁ! አንድ ቀን መጥተህ ‹ባል አለሽ ወይ?› ብትለኝ ምን ይነካህ ነበር? ሌባ እንኳ ሲያዝ ይጠየቃል። እኔን ማን ጠየቀኝ?» ወደ እኔም ዞረች። «እትዬ፣ እርስዎስ?»

እዚያው መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ይቅር በይኝ ልል አፌን ስከፍት እንባ ቀደመኝ። እማማ እናኑም ጥፋታቸው አሁን ገና ገብቷቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ልሂድ እንግዲህ። መልቀቂያዬም ገብቷል» አለች ባንቺአየሁ።

«አልገባም!» አልሁ እንባዬን እየጠረግሁ። «ቁጥር አልሰጠሁትም። በሕግ አልተጻፈም!»

አዲሷ ልጅ ያላለቀውን ኮሌታ ይዛ ቀና ብላ ታያታለች። ባንቺአየሁ ልጅቷን አየቻት፣ ረድፉን ሁሉ አየችው።

«እቆያለሁ» አለች። «ለእነዚህ ነው። ገና ኮሌታ አልቻሉም። አንተ ግን ያን ወረቀት አስተካክል። ያልሆንሁት ተጽፎብኝ አልኖርም።»

«ምን አለፋችሁ?» አሉ እማማ እናኑ፣ ነገር ሊያበርዱ። «ሊያገባሽ ከሆነ እንዳለ ይቀመጥ። ጥቂት ቢያድር እውነት ይሆን የለ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ባንቺአየሁም ልትስቅ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልሳቀችም። «እማዬ፣ እኔን በውሸት አትዳሪኝ» ብላ ወደ ኮሌታው ተመለሰች። እኔ ያን ቀን ያቺን ልጅ ከሥራ አስኪያጁ በላይ አከበርኋት። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ እኔ በሷ እድሜ እዚያ ብሆን እዚያው አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ነገሩ ያልቅ ነበር።

ኪሩቤል ዓርብ ፈቃድ ወስዶ ከእማማ እናኑ ጋር በሚኒባስ ዱርቤቴ ሄደ። ማዳበሪያ ተደርድሮበት ጉልበቱ ደረቱ ላይ ደርሶ እንደሄደ ሴትዮዋ ነገሩኝ። ቀበሌው በር ላይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከገበሬው ጋር ተሰልፎ ቆሟል። «የተማረ ልጅ ነው፣ አሳልፉት» ሲባል እንኳ «ተራዬን እጠብቃለሁ» አለ አሉ። ለካ ባንቺአየሁ ለዚያች መሸኛ ሦስት ቀን ተመላልሳ ኖሯል፤ እዚያ የተሰለፉት ሰዎች ናቸው የነገሩት።

ቅዳሜ የኪሩቤል እናት ስልክ ደወሉልኝ።

«ልጄ ለአንዲት የፋብሪካ ልጅ ብሎ ዱርቤቴ ደርሶ መጣ አሉ» አሉኝ።

«አዎን። እርስዎስ ከደሴ ሲመጡ በምን ነበር የመጡት?» አልኋቸው። አፌ አመለጠኝ።

«በጭነት መኪና» አሉ። «የልጅቷ እናት አብረው ተመልሰዋል?»

«እኔ ቤት ናቸው።»

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሻቸው ነይ። ምሳ እኛ ጋ ይብሉ።» ምርቃት አይደለም፤ ገና ነው። ግን ከእሳቸው አፍ «እኛ ጋ ይብሉ» መውጣቱ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

እሑድ ምሳው አልፎ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣና ዳር ወረድን። ኪሩቤል ነው ሁለታችን እንነጋገር ያላት፤ እሷ ደግሞ «እትዬ ወለቴና እናቴ ካሉ እመጣለሁ» አለች። እኔና እማማ እናኑ አንዱ አግዳሚ ላይ፣ እነሱ ሦስት እርምጃ ራቅ ብለው ሌላው ላይ ተቀመጥን። ከዘጌ የሚመለስ ጀልባ ከሩቅ ይታያል፤ ሴትዮዋ በዚያ አቅጣጫ ለኪዳነ ምሕረት ተሳለሙና ጆሯቸውን ወደ ልጃቸው አቀኑ። እኔም፣ ምን ልዋሻችሁ፣ አቀናሁ።

ኪሩቤል ከኮቱ ኪስ ፖስታ አወጣ። እንደታሸገ ነው።

«አልከፈትኩትም» አላት። «ጸሐፊው አንብበው ሲለኝ አሽገው አልኩት።»

እጇን ዘረጋች። እሱ አልሰጣትም።

«ቆይ። ይኸ ከመከፈቱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ጠይቀኝ።»

ዓይን ዓይኗን አያት፤ ያ ዓይነ አፋር ልጅ መሬት መሬቱን አላየም።

«ባንቺአየሁ፣ ባል አለሽ?»

«ምነው ሸዋ!» አሉ እማማ እናኑ በሹክሹክታ። «ይኸ ልጅ ጤና የለውም? ዓርብ አብሮኝ ሄዶ አይደል እንዴ...»

«ዝም ይበሉ!» ብዬ ክንዳቸውን ያዝሁ።

ባንቺአየሁ ያን ሦስት ሳምንት ያላፈሰሰችው እንባ አሁን በጉንጯ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

«የለኝም» አለች።

«አመንኩሽ» አለና ፖስታውን ሰጣት።

አልከፈተችውም። ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ ነፋሱ እንዳይወስደው ሁለት እጇን ጫነችበት። ሐይቁን አየት አደረገች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ወደ እሱ ዞረች። በዚያ ሁሉ ሳምንት ያላየሁት ሳቅ ፊቷ ላይ መጣ።

«ይኸን ለመጠየቅ ዱርቤቴ ድረስ ደርሰህ መጣህ?»

«አዎ።»

«ሌላ የምትጠይቀኝ የለም?»